በድሬ ውሃ መኪና ማጠብ፦ የመስታወት ነጭ ነጠብጣብ፣ የሚሻክር ቀለም፣ አቧራ (ሁሉም እዚህ ክር ላይ)

የከዚራ ጥላ

«መኪናዬን አጥቤ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል፣ ምን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመላለሳል። አንድ ክር ላይ እንጨርሰውና የሚጠይቀውን ወደዚህ እንምራ። የምታውቁ ጨምሩ፣ ያልተስማማችሁበትን ተናገሩ።

ከውሃው ልጀምር። ድሬ ላይ ከቆሻሻው ይልቅ የሚያስቸግረው ማጠቢያው ነው። ውሃችን በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ተሸክሞ ይመጣል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትና መስታወት ላይ የሚቀረው ክብ ምልክት አንድ ነገር ናቸው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። ጠብታው ይተናል፣ ኖራው ይቀራል። ስለዚህ ቀን 7 ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ መኪና ማጠብ ኖራ መቀባት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ማታም ይሆናል፣ ግን ፀሐይ ስለጠለቀች ብቻ ላሜራው በርዷል ማለት አይደለም። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። 5 ሰከንድ ሳያቃጥል ካስቆያችሁ ይታጠባል፣ ካላስቆየ ጠብቁ። አሁን ከመንገድ የገባ መኪና ከሆነ ከስር ሞተሩ ስላለ ኮፈኑ ከጣሪያው ዘግይቶ ነው የሚበርደው።

ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ሁለት ጀሪካን፣ 40 ሊትር ይበቃል። 10 ሊትሩ አቧራ ማራሻና ማውረጃ፣ 10 ሊትሩ ለሳሙና፣ 8 ሊትሩ ጨርቅ ማለቅለቂያ፣ የቀረው 12 ሊትር ለመጨረሻ ማለቅለቂያ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላላችሁ ይሄ ሒሳብ ይጠቅማል።

ማራሱን አትዝለሉት። አቧራችን ውስጥ ኳርትዝ የሚባል የአሸዋ ማዕድን አለ፤ ኳርትዝ ደግሞ ከቀለም ቀርቶ ከመስታወትም ይጠነክራል። ፀሐይ ሲመታው ጥቁር መኪና ላይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከሌላ ከየትም አልመጣም፣ በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ ነው። 5 ሊትር የሚይዝ በእጅ የሚነፋ መርጫ ካላችሁ ከጣሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች እርጩ፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይራስ፣ ከዚያ ደግማችሁ በመርጨት አውርዱት። መርጫው ፀረ ተባይ የገባበት እንዳይሆን።

አንድ ባልዲ ለሳሙና፣ አንድ ባልዲ ለንጹህ ውሃ። ጨርቁ አንድ በር አብሶ ሲመለስ መጀመሪያ ንጹሁ ውስጥ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ ነው ሳሙናው ውስጥ የሚገባው። ከጣሪያ ወደ መስታወት፣ ከዚያ ኮፈን፣ ከዚያ የበሮቹ የላይኛው ግማሽ። የበሮቹ የታችኛው ግማሽ፣ ባምፐሩና ከጎማ በስተኋላ ያለው ቦታ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ። እጃችሁን አታዙሩ፣ በቀጥታ ሂዱና ተመለሱ። ጭረት ቢፈጠር እንኳ ቀጥ ያለው ከሚዞረው ያነሰ ይታያል። ሳሙናው እላዩ ላይ እንዳይደርቅ ደግሞ አንድ ጎን አጥባችሁ አንድ ጎን አለቅልቁ።

የመጨረሻውን ውሃ አትርጩት። በጆግ ከጣሪያው ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፤ ተያይዞ ሲወርድ ጠብታውን ይዞት ይሄዳል። ወዲያው በሰፊ ማይክሮፋይበር ፎጣ፣ ሳትጫኑ አድርቁ።

ለገሃሬ

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ኖራ የሌለው ውሃ ከሆነ ለማድረቅ መሯሯጡ ይቀራል። መኪናውን በሙሉ አያስፈልግም፤ መስታወቶቹን፣ ስፖኪዮዎቹንና ኮፈኑን 3 ሊትር ይበቃቸዋል።

ከየት ይመጣል? አንደኛ ከኤሲ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው። ኤሲ ሲሠራ በሚውልበት ቤት ቱቦው ስር ጀሪካን አስቀምጡ። ከአየር ላይ ቀዝቅዞ የወረደ እንፋሎት ስለሆነ ኖራ የለውም። አቧራና አረንጓዴ ዝቃጭ ግን ሊኖረው ስለሚችል በንጹህ ነጭ ጨርቅ አጥልሉት፣ ለመጠጥም አታውሉት። በደረቁ ወራት የሚጠራቀመው ትንሽ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ይትረፈረፋል። ሁለተኛ የዝናብ ውሃ። ቆርቆሮውን የሚያጥበውን የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ልቀቁትና ከዚያ ያዙ።

ሦስተኛ የባትሪ ውሃ የሚባለው ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ አዲስ ባትሪ ውስጥ የሚሞላው አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ በተመሳሳይ ጠርሙስ ሊቆም ይችላል። ያ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቀለምም ቆዳም ዓይንም ያበላሻል። ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈቱ፣ ጽሑፍ የሌለውን ደግሞ አትግዙ።

ውሃ አፍልቶ ማጥለልም የኖራውን የተወሰነ ክፍል ያወርደዋል፣ ግን ለመኪና ማጠቢያ ከሰል ማንደድ አያዋጣም።

ታይዋን ተራ

አቦ ላርጎስ? ላቫጆ ቤት ሁሉ ላርጎ ነው የሚጠቀሙት። ኦሞም የሚጨምሩ አሉ።

ቀለም ቤት

@ታይዋን ተራ፣ ላርጎ የተሠራው ቅባት ከሳህን ላይ ለማንሳት ነው። መኪና ላይ ስታደርገው ቀለሙን ለመከላከል የተቀባውን ሰም ያነሳዋል። ከፖሊሽ በፊት አሮጌውን ሰም ለማውጣት ከፈለግክ ትክክለኛው ነገር ነው፤ በየሳምንቱ ከሆነ ግን ቀለሙን ለፀሐይ ራቁቱን ታስቀረዋለህ። ሌላ ከሌለህ ለ10 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ብቻ፣ በሲሪንጅ ለክተህ፣ ከዚያ ሰም ድገምበት። አረፋ መብዛቱ ንጽሕና አይደለም።

ኦሞ ግን አይሆንም። ያልሟሟው ቅንጣት ይፍቃል፣ የአልካሊ ይዘቱም ለሰሙም ለበር ጎማውም ጥሩ አይደለም። የልብስ ሳሙና ደግሞ ከኛ ውሃ ካልሲየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል። መስታወቱ ላይ እያበስከው የሚሄደውና የሚመለሰው ጭጋግ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በረኪናን ጨርሶ አታስበው።

የመኪና ሻምፑ ለ10 ሊትር 30 ሚሊ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ጠርሙሱ ሌላ ካለ ጠርሙሱን ስማ። ውሃችን አረፋ ስለሚገድል 40 ድረስ መሄድ ይቻላል።

ሰው ለምን እንደዚህ ይጠነቀቃል ለሚል፦ ፋብሪካ የተቀባ መኪና ቀለሙ ከነመሠረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከዚያ ውስጥ ላይኛው ግልጽ ሽፋን 40 ማይክሮን አካባቢ ብቻ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። አንዴ ከተፋቀ ዳግመኛ አይበቅልም።

አቼቶና ሎሚ

የተቀመጠውን ኖራ ስለማውጣት። መጀመሪያ መስታወቱን ከላይ በተባለው መንገድ እጠቡ፤ አሸዋ ላይ አቼቶ አይደረግም።

ነጭ አቼቶ፣ 5 በመቶ አሲድ የሚል። ግማሽ በግማሽ ከባትሪ ውሃ ጋር በርዙት። የበር መስታወት ቋሚ ስለሆነ ብትረጩትም ወርዶ ያልቃል፤ ስለዚህ ሶፍት ነክራችሁ ለጥፉበት። ጥላ ውስጥ 5 ደቂቃ። ኖራው የበረታ ከሆነ ሳይበረዝ 10 ደቂቃ፣ ሶፍቱ እንዳይደርቅ ከላይ ፌስታል ሸፍኑበት። ሶፍቱን ከጥጉ ገለጥ አድርጋችሁ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ከነጩ ቀለበት ዳር ዳር ትናንሽ አረፋ ይወጣል። ኖራው እየሟሟ ነው ማለት ነው። አረፋው ሲያቆም በራሱ በሶፍቱ ሳትጫኑ አሹት፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ በኤሲ ወይም በባትሪ ውሃ ጨርሱ።

ሎሚም ይሠራል፤ አሲዱ ከአቼቶ ብዙም አይርቅም። አጥልላችሁ ተጠቀሙ፣ በደንብም አለቅልቁ፣ አለበለዚያ የሚያጣብቀው ፈሳሽ አቧራ ይሰበስባል።

ቀለም ላይ ከሆነ አንድ እጅ አቼቶ ለሦስት እጅ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ፣ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ፣ ወዲያው በሻምፑ ማጠብ። ኒኬሉ የተላጠ ጌጥ ላይና ያልተቀባ አሉሚኒየም ላይ አታቆዩት።

አቼቶን ከበረኪና ጋር በአንድ ባልዲ ወይም በአንድ ጨርቅ አታገናኙ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ አደጋ ነው።

ደንገጎ

አረፋ ያልወጣበትስ? ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። በጥፍራችሁ ፈትሹት። ጥፍሩ ከያዘው ገና የተጋገረ ነገር አለ፣ ምናልባት ሲሊካ ስላለበት አቼቶ አልበላውም። ጥፍሩ ምንም ሳይዘው እያለ ምልክቱ ከታየ ግን ኖራው ሄዷል፣ የቀረው መስታወቱ ራሱ ተበልቶ ነው። ለሁለተኛው አሲድ መጨመር ከንቱ ልፋት ነው።

ለተጋገረው፦ አዲስ ምላጭ፣ መያዣ ያለው። መስታወቱ በሳሙና ውሃ እንደራሰ፣ ምላጩ ወደ 30 ዲግሪ ተጋድሞ፣ ወደ ፊት ብቻ መግፋት። ወደ ኋላ ስትመልሱ አንሱት። የሚጭረው የተጎተተው ቅንጣት ነው። የፊት መስታወት ላይ ይሄ ይሠራል። የጎን መስታወት በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ አንዳንዴ ከፋብሪካው ፊቱ ላይ ተጋግሮ የቀረ ቅንጣት ይኖረዋል፤ ምላጩ እሱን ነቅሎ ይጎትተዋል፣ ስለዚህ እዚያ ቀለል አድርጉት። የኋላው መስታወት በውስጥ በኩል የማሞቂያ መስመር አለው፣ በዚያ በኩል ምላጭ ክልክል ነው። ጨርቅም ቢሆን በመስመሮቹ አቅጣጫ እንጂ በተቃራኒ አይሄድም።

ስቲል ዉልም አለ፣ ግን ቁጥር 0000 የሚባለው፣ ከሁሉም ቀጭኑ። የድስት ማጠቢያውን ሽቦ አላልኩም! በውጪ በኩል ብቻ፣ በሳሙና ውሃ፣ ሳይጫኑ።

ለተበላው መስታወት ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው፤ ከውሃ ጋር አቅጥናችሁ በፌልት፣ በተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ ትሠሩበታላችሁ። እንዳይደርቅ እንዳይሞቅም ውሃ እየነፋችሁ። የፊት መስታወት ላይ ከሾፌሩ ዓይን ትይዩ ያለውን ቦታ ብቻ ለይታችሁ አትፈግፍጉ፣ ይጎደጉድና ማታ የመጪውን መኪና መብራት ያጣምመዋል። እሱን የማሽን ሥራ ለሚያውቅ መተው ይሻላል።

አቼቶና ሎሚ

@ደንገጎ ስቲል ዉሉ ላይ አንድ ነገር ዘለልክ። የሚበጣጠሰው ብናኝ ኮፈኑና የዝናብ መጥረጊያው ስር ገብቶ በማግስቱ ቡናማ የዝገት ነጥብ ይሆናል። ከመስታወቱ ስር እርጥብ ፎጣ አንጥፉ፣ ሲያልቅ ፎጣውን ጠቅልላችሁ አንሱት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡ።

ደንገጎ

ልክ ነህ፣ ፎጣው የግድ ነው።

ታይዋን ተራ

ጋዜጣስ? አሮጌው ሰው ሁሉ በጋዜጣ ነው የሚወለውለው።

የከዚራ ጥላ

ደረቅ ንጹህ መስታወትን ማወልወል ይችላል። ቀለሙ ግን ጣትህንና ነጩን የበር ሽፋን ያጠቁራል፣ ሲርስም ይበጣጠሳል። ማይክሮፋይበር እያለ ጋዜጣ መፈለግ ምን ይሉታል።

ለገሃሬ

የውስጡን መስታወት ማንም አላነሳውም፣ ማታ የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርዱ የሚያስቸግረው ግን እሱ ነው። ውጪው ጸድቶ የመጪው መኪና መብራት ከተበተነባችሁ ጭጋጉ ከውስጥ ነው።

መንስኤው ክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ያለው ፕላስቲክ ነው። መኪናው በተዘጋ መስኮት ፀሐይ ላይ ሲውል ፕላስቲኩ ዘይታማ እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ላዩ ላይ የትንፋሽና የጭስ ቅሪት ይጨመርበታል። በርጫ ተሳፋሪዎች ከኋላ ካሉ ደግሞ ለስላሳ መጠጥ የነካው ጣት ሁሉ መስኮቱ ላይ ነው። ይሄ ቅባት ስለሆነ አቼቶ አያወጣውም።

ማጽጃው፦ የፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል 300 ሚሊ፣ የባትሪ ወይም የተጣራ የኤሲ ውሃ 700 ሚሊ፣ ንጹህ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ። ሳሙና የለበትም፣ ሽቶ የለበትም። ግማሽ በግማሽ የሚሉ አሉ፣ ድሬ ላይ ግን ጨርቁ ሳያነሳው ይተናልና መስመር ይቀራል። ሐረር አየሩ ስለሚቀዘቅዝ አልኮሉን 400 ብታደርጉትም ይይዛል።

መስታወቱ ላይ አትርጩ፣ ጨርቁ ላይ ርጩ። የሚወርደው ክሩስኮት ስር ወይም በሩ ውስጥ ያለው ስፒከር ላይ ነው የሚገባው። ጨርቁን ሁለት ጊዜ ብታጥፉት ፊትና ኋላው ተደምሮ 8 ንጹህ ገጽ አላችሁ። የመጀመሪያው ገጽ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ አትደንግጡ፣ ገልብጡት። አንዱ ጨርቅ እርጥብ፣ ሌላው ደረቅ ተከታይ። ውስጡን ወደ ጎን፣ ውጪውን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። መስመር ከቀረ ወደ የት እንደተኛ አይታችሁ በየትኛው በኩል እንዳለ ታውቃላችሁ። የፊት መስታወት ከክሩስኮቱ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ እጅ አይገባም፤ ጨርቁን በፕላስቲክ ማስመሪያ ላይ ጠቅልሉና ግፉ።

ሁለት ክልክሎች። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ከውስጥ ጥቁር ፊልም የተለጠፈበትን መስታወት ያበላሻል። አልኮሉ ደግሞ የፍጥነት መለኪያውን ግልጽ ፕላስቲክ አይንካ፣ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣበታል። ክሩስኮት የሚያብረቀርቀውን ዘይታማ ስፕሬይም ተዉት። ዛሬ ያበራል፣ ከነገ ወዲያ ያው መስታወቱ ላይ ነው።

የበር ጎማ

መስታወት ያጸዳ ሰው መጀመሪያ መስታወቱን 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያድርግ። ላይኛው ጠርዝ ጎማው ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ቡናማ የጭቃ መስመር ይዞ ነው የሚወጣው። ካላጸዳችሁት መስኮቱን ባወረዳችሁ ቁጥር ያጸዳችሁትን ይቀባዋል።

ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ ጭረት የጎን መስታወት ላይ ካያችሁ የሠራው ጨርቅ አይደለም። መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ ውስጥ የበግ ፀጉር የመሰለ ስስ ሽፋን አለ፤ አሸዋ እሱ ውስጥ ይቀበርና መስኮቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ይጭራል። መስታወቱን እስከ ታች አውርዱ። አሮጌ የስልክ ካርድ የመሰለ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ አንድ ድርብ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጎማው ውስጥ ከላይ ወደ ታች ሳቡት። ጨርቁ ላይ ደረቅ ቀይ አሸዋ ይወጣል፤ ንጹህ እስኪወጣ ጨርቁን እየቀየራችሁ ድገሙት። ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ጨርቅ ላይ ረጭታችሁ በስሱ አሳልፉ። ግሪስና ዘይት አታድርጉ። ጎማ ያሳብጣል፣ አቧራም ያጣብቃል።

በሩን ስትከፍቱ ደግሞ ከስር ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ አለ፣ በመስኮቱ በኩል የገባ ውሃ የሚወጣበት። አቧራው ጭቃ ሆኖ ይደፍነዋል። በሩ ሲዘጋ ውስጡ ውሃ የሚንቦጫቦጭ ከሆነ ተደፍኗል ማለት ነው። በፕላስቲክ ማሰሪያ ጫፍ ክፈቱት፣ በሚስማር አይደለም፤ ሚስማር ቀለሙን ይፍቃል፣ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል።

ጀጎል 404

ሐረር ላላችሁ። ከሐሮማያ ሐይቅ መድረቅ ወዲህ ቧንቧችን ከሚያመጣው ውሃ ከፊሉ ከድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ስለሆነ የውሃው ነገር እኛንም ይመለከታል።

የ404 ባለቤቶች ግን ከላይ የተባለውን ሁሉ እንዳለ አትውሰዱ። የነዚህ ፔጆዎች የድሮ ቀለም ግልጽ ሽፋን የለውም፤ ቀለሙ ራሱ ነው ላይ ያለው። ፖሊሽ ስታደርጉ ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ጨርሶ አልተበላሸም፣ የሞተው የላይኛው ንብርብር ነው የሚነሳው። በተቃራኒው ግልጽ ሽፋን ያለው መኪና ላይ የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ ሽፋኑን ጨርሳችሁታል፣ እጃችሁን አንሱ። የማታውቁት መኪና ከሆነ በር ውስጥ ባለ ድብቅ ቦታ ላይ ነጭ ጨርቅ በትንሽ ፖሊሽ ሞክሩ፣ ዓይነቱን ይነግራችኋል።

በእንደዚህ ዓይነት ቀለም ላይ አልኮልም አቼቶም በትንሹ ሞክራችሁ እንጂ በቀጥታ አይሆንም። ቲነር አይታሰብም። ዱቄት የመሰለው ነጭ ገጽ በአንድ ቀን ካልወጣ አትታገሉት፤ በየወሩ ትንሽ ፖሊሽ፣ ከላዩ ሰም። ባትላሜራ ቤት ገብቶ አዲስ የተቀባ መኪና ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ሰም አይቀባም፣ ውስጡ የቀረው ማቅጠኛ መውጫ ይፈልጋል። ውሃ ብቻ፣ ለስለስ ባለ ጨርቅ።

መልካ ጀብዱ መንገድ

የሲሚንቶ አቧራ እንደ ሌላው አቧራ አይደለም። አልካሊ ነው፣ የማታ ጤዛ ካገኘው ደግሞ ይጠነክራል። ያረፈው ቀን ሳይርስ በንፋስ ወይም በብዙ ውሃ አውርዱት። ትንሽ ውሃ ረጭቶ መተው ግን ከሁሉም የከፋው ነው፣ ልስን እየሠራችሁ ነው። ከያዘ አንድ እጅ አቼቶ ለአራት እጅ ውሃ፣ 3 ደቂቃ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ መድገም። በጥፍር አትፈልፍሉት።

አስፋልት፦ ከበሩ ስርና ከፓራፋንጎው ላይ ያሉት ጥቁር ነጥቦች በነጭ ጋዝ ይወጣሉ። ጨርቁ ላይ ጥቂት ጠብታ፣ 1 ደቂቃ አሳርፉ፣ አሹ፣ ወዲያው በሻምፑ እጠቡ። ጎማና ጥቁር ፕላስቲክ አይንካ። የሚያጨስ ሰው አጠገብ አይሁን።

የወፍ ኩስ፦ ውሃ የጠገበ ሶፍት 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ማንሳት። ውስጡ ፍሬና አሸዋ ስላለ መፈግፈግ የለም። በኛ ሙቀት አንድ ቀን ውሎ ካደረ ግልጽ ሽፋኑን ነክሶ ክብ ምልክት ይተዋል፤ ያ በፖሊሽ እንጂ በማጠብ አይወጣም።

ከዚራ በዛፍ ጥላ ስር የምታቆሙ፣ ሙጫ ከጠበቀባችሁ የፋርማሲውን አልኮል በጥጥ። የድሬዳዋ ዛፍ አበባ ግን እርጥብ ሆኖ ኮፈን ላይ ከተጨፈለቀ ነጭ መኪና ላይ ቀለም ሊተው ይችላል፤ ሳይደርቅ አንሱት።

ቀለም ቤት

«የሚሻክር ቀለም» ርዕሱ ላይ አለ፣ እስካሁን ማንም አልመለሰም። ታጥቦ በደረቀ ላሜራ ላይ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ በቀስታ ዳብሱ። ባዶ እጅ የማይሰማው በፌስታል ውስጥ ይሰማል። እንደ ብርጭቆ ካልተንሸራተተ ማጠብ የማያወጣው ነገር ተጣብቋል፦ የአስፋልት ብናኝ፣ የፍሬን ብረት ብናኝ፣ ኖራ።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፦ ማጠብ፣ ኖራውን በአቼቶ፣ አስፋልቱን በነጭ ጋዝ፣ እንደገና ማጠብ፣ ከዚያ ነው ክሌይ። ክሌይ የሚባለው ሊጥ መሳይ ነገር ከመለዋወጫ ቤት ይገኛል። 50 ግራም ያህል ቆርሳችሁ ጠፍጥፉ፣ ላሜራውን በሻምፑ ውሃ አብዝታችሁ አርጥቡ፣ ያለ ግፊት ወደ ፊትና ወደ ኋላ። መጀመሪያ ይይዛል፣ ይሰማል፣ ቀስ እያለ ዝም ይላል። ሲቆሽሽ አጥፋችሁ አዲስ ገጽ አውጡ። መሬት ከወደቀ ጣሉት፣ ማጠብ አያድነውም። መስታወት ላይም ይሠራል፣ ለመስታወት ያገለገለውን ቁራሽ ግን ለቀለም አትመልሱት።

ከዚያ የሚቀረው ጭረት ነው። ፖሊሽ በእጅ ከሆነ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ቦታ፣ የአተር ፍሬ የሚያክል 3 ጠብታ፣ በስፖንጅ 10 ያህል ዙር አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ታች። እዚህ ከተማ ቶሎ ስለሚደርቅ ሳይነጣ አንሱት። ኮምፓውንድ የሚባለውን ሻካራውን ጥልቅ ጭረት ለሌለበት መኪና አታውጡ። የጥርስ ሳሙና የሚሉም አሉ፤ የፊት መብራት ላይ ለጊዜው ያበራል፣ ግን ከፀሐይ የሚከላከለውን ሽፋን አብሮ ስለሚያነሳ ከወራት በኋላ ይበልጥ ይቢጫል።

ታይዋን ተራ

ሰሙስ የቱ ይሻላል?

ቀለም ቤት

ካርናውባ ውበቱ ደስ ይላል፣ የሚቀልጠው ደግሞ ከ82 ዲግሪ ጀምሮ ነው። ጥቁር ኮፈን ድሬ ፀሐይ ላይ ሲውል ወደዚያ ይጠጋል፣ ስለዚህ ቶሎ ይሳሳል። ሰው ሠራሹ ሲላንት ብዙ ይቆያል። የትኛውም ቢሆን ስስ አድርገህ፤ የወፈረው ትርፉ ጨርቅ ላይ ነው የሚቀረው። ውሃ ስታፈስበት ጠብታ ሠርቶ መንከባለሉን ትቶ ከተነጠፈ አልቋል፣ ድገም። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ነጥቶ የደረቀ ሰም በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይወጣል።

የበር ጎማ

ጨርቆቹ ላይ አንድ ቃል። ማይክሮፋይበር ለብቻው ይታጠባል፣ ከጥጥ ልብስ ጋር ከገባ የጥጥ ብናኝ ይለቅማል። ማለስለሻ አይገባበትም፣ ውሃ መምጠጡን ያቆማል። በረኪናም የለም። የሚሰጣው ገመድ ላይ፣ ነፋስ አቧራ የማያመጣበት ቦታ ነው። ቁጥቋጦ ላይ የተሰጣ ጨርቅ እሾህና አሸዋ ይዞ ይመለሳል። ለመስታወት፣ ለቀለም፣ ለጎማና ለታችኛው ክፍል በየቀለማቸው ለዩአቸው።

መልካ ጀብዱ መንገድ

የዝናብ መጥረጊያው ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የቧንቧ ውሃ የምትሞሉ፣ ኮፈኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ የምትደፈነው ለዚያ ነው። ጠዋት በደረቅ አቧራ ላይ መጥረጊያውን ካስነሳችሁት ደግሞ መስታወቱ ላይ ቅስት የሆነ ጭረት ይቀራል። መጀመሪያ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሱ።

የተደፈነውን በመርፌ ጫፍ በቀስታ ክፈቱ፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር አቼቶ በግማሽ ሊትር ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ሦስቴ ርጩ፣ 20 ደቂቃ አቆዩ፣ በንጹህ ውሃ አጥቡት። የረጨው ቀለም ላይ ሳይደርቅ አለቅልቁ። ከዚያ በኋላ የኤሲ ወይም የባትሪ ውሃ 2 ሊትር፣ አልኮሉ 200 ሚሊ። ላርጎ አይገባም፤ አረፋው መስታወቱ ላይ ደርቆ መስመር ይሠራል።

ታይዋን ተራ

የኤሲው ጀሪካን ከሞላ ስንት ጊዜ ይቀመጣል?

ለገሃሬ

ክዳኑን ገጥመህ ጥላ ውስጥ ካስቀመጥከው ሁለት ሦስት ሳምንት። ከሸተተ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ለአትክልት አፍስሰው፣ ጀሪካኑን ደግሞ በትንሽ በረኪና አጥበህ በደንብ አለቅልቀው፣ ለቀጣዩ እንዳይተርፍ።